የድንኳን ቁጥር የሌላቸው

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መሬት ስትንቀጠቀጥ ነቅታችሁ ነበር? እኔ ለገና አዳማ ቤተሰቦቼ ጋ ነበርኩ። ቁም ሳጥኑ ላይ የነበረው ሻንጣ ወደቀ፣ እናቴ "እግዚኦ!" እያለች ግቢ ወጣች፣ ትንሽ ቆይተን ተመልሰን ተኛን። ለእኛ ነገሩ በዚሁ አለቀ። በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ፣ በኦሮሚያ ደግሞ በፈንታሌ ወረዳ ለሚኖሩት ግን መንቀጥቀጡ ሳምንታትን ያስቆጠረ ነበር። ቤት ፈርሷል፣ መሬት ተሰንጥቋል። መንግሥት ያኔ 80 ሺህ ገደማ ሰው ከአደጋው ቀጣና እያወጣ መሆኑን አስታውቆ ነበር።

በማግስቱ የእናቴ የአጎት ልጅ ከአዋሽ ፈንታሌ ከነባሏና ከአራት ልጆቿ መጣች። የያዙት ሁለት ፌስታል ልብስ ነው። "እስከ መቼ ትቆያላችሁ?" ያለ የለም፤ በእኛ አገር ይህ አይጠየቅማ! ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አምስት የነበርነው አሥራ አንድ ሆንን። የገና ዶሮ 12 ብልት ስላላት እንኳ ያን ቀን ተወጣነው።

ችግሩ ከበዓሉ በኋላ መጣ። ፍራሽ ማታ ሳሎን ይነጠፋል፣ ጠዋት ይነሳል። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው። በሁለተኛው ሳምንት አባቴ ዱቄት በዱቤ ማምጣት ጀመረ፣ እናቴም የዕቁቧን ሳትጥል ቀረች። ማንም ምንም አልተናገረም፤ ግን እንግዳ እኮ ሳይነገረው ያውቃል። አክስቴ ከሁላችን ቀድማ ተነስታ ቤቱን ትጠርጋለች፣ ልጆቿ ገና ሳይጠግቡ "በቃ፣ ጠግበዋል" እያለች ከገበታ ታስነሳቸዋለች። ይህን አይቶ እህል የሚዋጥለት ማነው?

ባሏ ወደ አንድ የእርዳታ ማከፋፈያ ሄዶ ነበር። መዝጋቢው የድንኳን ቁጥሩን ጠየቀው። "ዘመድ ቤት ነው ያለሁት" አለ። "እንግዲያውስ መጠለያ አግኝተሃል ማለት ነው" ተባለና ባዶ እጁን ተመለሰ።

እንደ እኔ እንደ እኔ ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። የሚቆጠረው ድንኳን ነው እንጂ ሰው አይደለም። ዘመድ ቤት የተጠጋ ሰው ቤቱን አላጣም? ያስጠጋውስ ቤተሰብ ዱቄቱን ከየት ያምጣ? ይህ የእኔ ምኞት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2002 ዓ.ም. ካምፓላ ላይ የጸደቀውና አገራችን በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአፍሪካ ኅብረት የተፈናቃዮች ስምምነት በአንቀጽ 9 ላይ እርዳታው እንደ አስፈላጊነቱ ለተቀባዩ ማኅበረሰብም እንዲደርስ ይላል።

"እንዲህ ከተባለማ ሁሉም ሰው ዘመድ አለኝ እያለ ይመዘገባል" የሚሉኝ አሉ። የክፍል ጓደኞቼም ብለውኛል። ማጭበርበር አይኖርም አልልም። ግን ማን ቤት ስንት እንግዳ እንዳረፈ ከዕድር የበለጠ ማን ያውቃል? ለቅሶ ያልመጣን ሰው ለይቶ የሚቀጣ ዕድር ስድስት ሰው ይሰወረዋል? ዕድሮች ዝርዝሩን ቢሰጡ ቀበሌ ያረጋግጥ፤ ለአስጠጊው ዱቄትና ዘይት፣ ለልጆቹም በቅርብ ትምህርት ቤት ቦታ ይሰጥ። ከድንኳን ተከላ ይህ ይከብዳል?

እኛ ጋዜጠኝነት የምንማረውም ብንሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ካሜራ የሚወደው ድንኳን ነው። ረድፍ አለው፣ ሰልፍ አለው። የእኛን ሳሎን ማን ይቀርጻል? እኔ ራሴ ያኔ ለክፍል ሥራ ዜና ጻፍ ስባል ስለ መጠለያ ጣቢያ ነበር የጻፍኩት፤ እቤት ስድስት ተፈናቃይ ትቼ!

አክስቴና ቤተሰቧ በጥር ማለቂያ ላይ ተመለሱ። ሥጋቱ አልፏል ያላቸው ሰው አልነበረም። የካቲት 7 ሌሊት በሬክተር መለኪያ 6 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ሲደርስ ስልክ ስንሞክር አደርን። ንጋት ላይ አነሳች። ደህና ናቸው፣ ውጭ ላስቲክ ወጥረው ነው ያደሩት። እናቴ "ዛሬውኑ ኑ!" አለቻት።

"ሁለተኛ ላስቸግራችሁ?" አለችና ሌላ ወሬ ጀመረች።

በጥር ወር በእሷ ስም አንድ ኩንታል ዱቄት እኛ ቤት ገብቶ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት ሳሎናችን ውስጥ ታድር ነበር ባይ ነኝ።