ርእሰ አንቀጽ፦ ከመኝታ ቤታችን የሚወርደው ውሃ

ለአንድ የገጠር ከተማ ቧንቧ ሲገባለት ቀኑ በዓል ነው፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል። የገባው ውሃ ተመልሶ የሚወጣበትን መንገድ ሊመርቅ የመጣ ባለሥልጣን ግን እስከ ዛሬ አላየንም። ውሃ በእንስራ ይቀዳ በነበረበት ጊዜ አንድ ቤት የሚደፋው ጥቂት ስለ ነበር ጓሮው ይመጠው ነበር። ቧንቧው ከገባ ወዲህ ጕድጓዱ ቶሎ ይሞላል፤ የመምጠጫ መኪናው ከሌላ ከተማ ተለምኖ ይመጣል፤ ከመጣም በኋላ መድፊያ ሥፍራ ካልተዘጋጀለት የመጠጠውን ወስዶ ገደል ይደፋዋል።

በዚህ ነገር ከማዘጋጃ ቤቱ ይልቅ የምንጠየቀው እኛው ነን። 10,000 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው በቀን 50 ሊትር ብቻ ቢያፈስሱ 500 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይህን ያህል ፍሳሽ ባንድ ቦታ የሚያወርድ ሌላ ደንበኛ አነስተኛ ከተማ ከወዴት ያገኛል? ከግቢያችን በታች ያለው ወንዝ በበጋ ሲደርቅ የሚፈሰው የኛው ውሃ ነው። በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ጎመኑም ገበያ ወጥቶ ወደ ምግብ አዳራሻችን ይመለሳል። ወስፋት መንገድ አይጠፋውም።

መፍትሔው ከባሕር ማዶ መሣሪያ ማስመጣት ነው የሚሉ አሉ። በሞተር አየር እየነፉ ማጣራት በምሕንድስና መጻሕፍታችን ሰፊ ቦታ ይዟል፤ መልካም ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ መብራት በጠፋ ቍጥር ሞተሩ ይቆማል፣ ባክቴሪያዎቹም ይታፈናሉ። ለአነስተኛ ከተማ የሚስማማው ኩሬ ነው። ፍሳሹ በመጀመሪያው ጥልቅ ኩሬ ጥቂት ቀን ሲቆይ ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል። ቀጥሎ 1.5 ሜትር ያህል በሚጠልቀው ሰፊ ኩሬ አልጌ በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅን ይሠራል፣ ባክቴሪያም በዚያ ኦክሲጅን ቆሻሻውን ይበላል። በመጨረሻዎቹ 1 ሜትር ያህል በሚጠልቁ ኩሬዎች ፀሐይ ተሐዋስያኑን ትገድላለች፣ የወስፋት እንቍላልም ይሰምጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989 ባወጣው መመሪያ ለመስኖ የሚውል ፍሳሽ በሊትር ከ1 እንቍላል በላይ እንዳይኖረው አሳስቧል፤ በሚገባ የተሠራ ኩሬ ለዚህ ይደርሳል። የአዲስ አበባው የቃሊቲ ማጣሪያም ሲጀመር በኩሬ ነበር።

ጉድለቱ መሬት መፈለጉ ነው፤ መሬቱም የገበሬ ማሳ ነው። ማሳውን ለሚለቅ ገበሬ ካሳ ብቻ አይበቃውም፤ ከተጣራው ውሃ የመጀመሪያው ድርሻ ለሱ ሊሆን ይገባል። ደግሞም ኩሬ ተቈፍሮ የሚረሳ ነገር አይደለም፤ ሣሩን የሚያጭድ፣ አረፋውን የሚገፍ፣ ከዓመታት በኋላም ዝቃጩን የሚያወጣ ደመወዝተኛ ይሻል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ሰጥቷል። ከወንዙ በታች ያለ ገበሬ ይህን ጠቅሶ ቢከስሰን መልሳችን ምን ይሆን? የግቢያችን ማጣሪያ ቍልፍ በማን እጅ እንዳለ ጠይቀን ጽሕፈት ቤቱ ወደ ጥገና ክፍል፣ ጥገና ክፍልም ወደ ጽሕፈት ቤቱ መርቶናል።

ስለዚህ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህሮቻችን በየወሩ ከግቢው መውጫ ናሙና አስመርምረው ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጥፉልን እንጠይቃለን። ናሙና የሚቀዱትን ተማሪዎች ማኅበሩ ይመድባል። የመጀመሪያው ግን አሁን በበጋው ይወሰድ፤ ክረምት ከገባ ወንዙ ሞልቶ ሁሉን ይሸፍንልናል።