«እንደ አጠቃቀማችን ነው» ስንል ማንን ነጻ እያወጣን ነው?

«ቴክኖሎጂ በራሱ ጥሩም መጥፎም አይደለም፤ ሁሉም እንደ አጠቃቀማችን ነው።» ይህ አባባል በየስብሰባውና በየመማሪያ ክፍሉ ሳይመረመር ሲደጋገም ይሰማል። ካድሬው የወጣቶችን ውይይት ይዘጋበታል፤ መምህሩ ተማሪውን ይገሥጽበታል፤ ከያኒው ሳይቀር የተውኔቱ ማሰሪያ ያደርገዋል። አባባሉ ሚዛናዊ ይመስላል፤ ማንንም አያስቀይምም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ሚዛናዊነቱ የይስሙላ መሆኑን፣ ጥፋቱን ሁሉ በተጠቃሚው ጫንቃ ላይ ጭኖ የሠሪውንና የባለቤቱን እጅ የሚያነጻ መሆኑን ማሳየት ነው።

ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሲሬ ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ሁሉ፣ ቡና ተፈልቶ ቤተሰብ በተሰበሰበበት ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አባት «ልጄ ተበላሸ» ይላል። እኛም ልጁን «ራስህን ግዛ» ብለን እንመክራለን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ልጁን ከመውቀሳችን በፊት በእጁ የያዘው ዕቃ ምን ታስቦ እንደ ተሠራ መጠየቅ ይገባን ነበር።

የሰውን ጠባይና የመሣሪያን ግንኙነት የመረመሩ ሊቃውንት መልሱን ከተናገሩት ቆይተዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስኪነር በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በርግቦች ላይ ባደረገው ምርምር፣ ርግቧ ከሁሉ ይልቅ ሳትታክት የምትቆረቁረው እህሉ መቼ እንደሚወድቅላት ሳታውቅ ስትቀር መሆኑን አሳየ። ሄርበርት ሳይመን በ1971 እ.ኤ.አ. መረጃ በበዛ ቁጥር የሚያጥረው የሰው ትኩረት መሆኑን አስገነዘበ። ጆሴፍ ዋይዘንባውም በ1966 እ.ኤ.አ. ኤላይዛ የተባለ፣ በጽሑፍ የሚያነጋግር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ሲሠራው ስታይ የነበረችው ጸሐፊው እንኳ ከመሣሪያው ጋር ብቻዋን ለመነጋገር ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ሰውየው በዚህ ደንግጦ በ1976 እ.ኤ.አ. የማስጠንቀቂያ መጽሐፍ ጻፈ።

የሦስቱ ትምህርት ሲጠቃለል የሚከተለው ነው። የሰው ጠባይ ሊጠና ይችላል፤ የተጠናው ጠባይ ሊጠመድ ይችላል፤ የወጥመዱን አሠራር ማወቅም ብቻውን ከወጥመዱ አያድንም። የሲሬው ልጅ የሚታገለው ከራሱ ድካም ጋር ብቻ አይደለም። የድካሙን ልክ ከለካና ትኩረቱን ለማስታወቂያ አስነጋሪ ከሚሸጥ ድርጅት ጋር ነው። ለዚህ ልጅ «እንደ አጠቃቀምህ ነው» ማለት ለተጠመደ ዓሣ ስለ መንጠቆ አጠቃቀም እንደ መስበክ ነው።

የባለቤቱ ጥቅም የአንድን ልጅ ጊዜ በመውሰድ ብቻ አይወሰንም። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሀውገን በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በብሪታንያ የሕግ አውጪዎች ፊት ቀርባ በሰጠችው ምስክርነት የሀገራችንን ስም ጠርታለች። የኢትዮጵያን ስድስት ቋንቋዎች ጠቅሳ የድርጅቱ የጥበቃ ሥርዓት የሚሠራው በሁለቱ ብቻ መሆኑን አስረድታለች። የጥላቻ ቃል በየቋንቋው ሲዛመት ጠባቂው በር ላይ አልነበረም። ይህስ የማን አጠቃቀም ጉድለት ነው?

«እንግዲያው መዝጋት ነው» የሚል ይኖራል። ለእርሱ መልስ የሚሰጠው የወለጋ የራሱ ታሪክ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሲሬ በምትገኝበት በምሥራቅ ወለጋ ደግሞ ኢንተርኔት ተዘግቶ የስልክ አገልግሎት በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ተወሰነ። በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን ነበር፤ አገልግሎቱ የተመለሰው ግን መጋቢት 22 ቀን ነው። የጥንቃቄ ቃል ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልግባቸው በእነዚያ ቀናት ስልኩ ዲዳ ነበር። ገበሬው የቱንም ያህል አስተዋይ ተጠቃሚ ቢሆን የሌለውን በምን ይጠቀማል? ከፋችም ሆነ ዘጊ ተጠቃሚውን ሳይጠይቅ የሚወስን ከሆነ መሣሪያው የሕዝብ አይደለም።

መሣሪያ የሕዝብ ሊሆን እንደሚችል ደግሞ ከዚሁ አካባቢ ታሪክ እንማራለን። ከባርነት ነጻ የወጡት ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ሆነው በ1894 እ.ኤ.አ. የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አሳተሙ። አስቴር በልጅነቷ የሰማችውን ተረትና ዘፈን ከትዝታዋ እየቀዳች ጻፈች። ኦኔሲሞስ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ እርሱም በ1904 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ ገብቶ አስተማረ። ማተሚያው የውጭ ሰዎች ነበር። ነገር ግን ምን እንደሚታተም ከወሰኑት መካከል ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች ነበሩ። ልዩነቱን የፈጠረው የአንባቢው ጨዋነት ሳይሆን ከሥራው ጠረጴዛ የተቀመጠው ሰው ማንነት ነው።

ኢትዮጵያዊት ተወላጅ የሆነችው የሥነ አእምሮ ተመራማሪ አበባ ብርሃኔ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጽሑፍ ያነሳችው ይህንኑ ነው። በልማት ስም ወደ አፍሪካ የሚገባው ቴክኖሎጂ የሠሪውን አስተሳሰብና ጥቅም ይዞ እንደሚገባ አስጠንቅቃለች።

ስለዚህ ካድሬው ስብሰባውን በምክር ከመዝጋቱ በፊት «ባለቤቱ ማን ነው? ተጠያቂነቱ ለማን ነው?» ብሎ ይክፈት። መምህሩ የስልክን አጠቃቀም ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ያስተምር፤ የስኪነርን ርግብ ከሲሬ ተማሪ ጋር ያስተዋውቅ። ከያኒውም በመድረኩ ላይ ስልክ የያዘውን ልጅ ብቻ ሲያሾፍበት አይኑር፤ ከስልኩ ጀርባ ያለውንም ሰው ወደ ብርሃኑ ያውጣው። ያን ጊዜ አባትየው «ልጄ ተበላሸ» ማለቱን ትቶ «ልጄን ማን ምን አደረገው?» ብሎ ይጠይቃል። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው።