የሪያድ የአቪዬሽን ዕቅድና የሳይንስ ትምህርት ድርሻ

ሪያድ፦ የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ዋና ከተማዋን ከዓለም ታላላቅ የአየር ትራንስፖርት ማዕከላት አንዷ ለማድረግ የሚያስችሉ ሁለት ግዙፍ ዕቅዶችን በተከታታይ ይፋ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 በ57 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ የሚያርፈውና ስድስት ትይዩ መንደርደሪያዎች የሚኖሩት የንጉሥ ሰልማን ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ዕቅድ ተበሰረ። በማርች 2023 ደግሞ «ሪያድ ኤር» የተሰኘው አዲስ አየር መንገድ መመሥረት ታወጀ። አየር መንገዱ በቀጥታና በተዘዋዋሪ 200,000 የሥራ ዕድል ይፈጥራል ተብሎ እንደሚጠበቅ በወቅቱ ተገልጿል። ዋናው ጥያቄ ይህን ሥራ የሚረከበው ትውልድ በጊዜው ይደርሳል ወይ የሚለው ነው።

አውሮፕላን በውል ይገዛል፤ ባለሙያ ግን በዓመታት ይታነጻል። በዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት መሠረት ለትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ዋና አብራሪ የሚያስፈልገው ፈቃድ ቢያንስ 21 ዓመት ዕድሜና 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። አየር መንገዱ ሲታወጅ የ12 ዓመት ተማሪ የነበረ ልጅ በ2030 ገና 19 ዓመቱ ነው። ስለሆነም ቀጣዮቹ ካፒቴኖች አሁንም በትምህርት ገበታ ላይ ናቸው።

የቀይ ባሕር ጎረቤታሞች ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። የሳዑዲና የኢትዮጵያ አየር መንገዶች በ1940ዎቹ አጋማሽ ሥራ የጀመሩት በአንድ ኩባንያ፣ በአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ድጋፍ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በ1946 ቢሆንም፣ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና አብራሪ የሆኑት በ1957 ነው። የበላይ አመራሩ በኢትዮጵያዊ እጅ የገባው ደግሞ በ1971 ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ የሚገኘው የአየር መንገዱ ማሠልጠኛ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ወጣቶችንም ያስተምራል።

ዘርፉ በአብራሪዎች ብቻ አይቆምም። አንድ አውሮፕላን በሰላም ተነሥቶ እንዲያርፍ የጥገና ቴክኒሻን፣ የበረራ ተቆጣጣሪ፣ የአየር ጠባይ ተንባይና የኮምፒውተር ባለሙያ ያስፈልጋሉ። የሁሉም መነሻ ሒሳብና ፊዚክስ ነው፤ በዓለም አቀፍ በረራ ለሚሠሩ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች ደግሞ የእንግሊዝኛ ብቃት ግዴታ ነው። በሜይ 2023 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከተጓዙት ሁለት ሳዑዲያውያን ዐሊ አልቀርኒ የአየር ኃይል አብራሪ ሲሆን፣ ረያና በርናዊ የላቦራቶሪ ተመራማሪ ነች። ይህም ወደ ሰማይ የሚያደርሰው መንገድ ከአንድ በላይ መሆኑን ለወጣት ወንዶችም ሴቶችም አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ፍላጎት ብቻውን አይበቃም። የበረራ ሥልጠና ወጪው ከብዙ ቤተሰቦች አቅም በላይ በመሆኑ፣ ነጻ የትምህርት ዕድል ካልሰፋ ሙያው የባለጸጋ ልጆች ብቻ ሆኖ ይቀራል። በትምህርት ቤቶችም ፊዚክስ ከመጽሐፍ ወጥቶ በቤተ ሙከራ ሊታይ ይገባል። የወላጆች ድርሻም ቀላል አይደለም። በሪያድም ሆነ በደሴ ልጃቸው ሒሳብን ፈርቶ ከመሸሹ በፊት የሚያበረታቱ አባትና እናት፣ ዓመታት ቆይቶ የሚከፈትን በር ከወዲሁ ይጠብቁለታል።