ቅጽል በስንት ይሸጣል?

ግጥምና ወግ በሚቀርብበት ማዕድ ላይ የቴሌቪዥን ግዢን ወሬ ይዞ መምጣት ለአንዳንዶቻችሁ ለዛ ማጣት ይመስላችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ ነገሩ ከቃላት ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ቦታውን የሳተ አይመስለኝም። መርካቶም ሆነ መገናኛ ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ መደብር የገባ ሰው አስቀድሞ የሚሰማው የዕቃውን ስም አይደለም፤ ቅጽሉን ነው። «ኤችዲ ነው፤ ፉል ኤችዲ ነው፤ ፎር ኬ ነው፤ ስማርት ነው፤ ኦሪጅናል ነው» ይባላል። ስሙ አንድ ብቻ ነው፦ ቴሌቪዥን። ቅጽሎቹ ግን እንደ ሎሌ ከፊትና ከኋላው ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱ ሎሌም ደመወዙን የሚቀበለው ከገዢው ኪስ ነው።

እኔ ቀን የሰው ገንዘብ፣ ማታ የስንኝ ቀለማት እየቆጠርኩ የምኖር ሰው ነኝ። ከሁለቱም ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ቅጽል ውድ መሆኑን ነው። በግጥም ውስጥ ቅጽል የሚበዛው ስሙ ሲደክም ነው፤ ተራራው ራሱ ግዙፍ ሆኖ ካልታየ «ግዙፍ፣ ታላቅ፣ አስፈሪ» ብንለው አንድ ክንድ አይጨምርም። በገበያም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ገንዘቡ የተወሰነ ሰው ስሙን ይግዛ፤ ቅጽሉን ለተረፈው ይተው። ስም የምለው በዓይን የሚታየውን፣ በጆሮ የሚሰማውን፣ ዓመታት የሚያገለግለውን ነው። ቅጽል የምለው በካርቶኑ ላይ ተጽፎ በሳሎኑ ውስጥ የማይገኘውን ነው።

«ከፍተኛ ጥራት» የሚለው ቅጽል ትናንት የተወለደ እንዳይመስላችሁ። ቢቢሲ በ1936 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭት ሲጀምር ያኔውኑ «ባለ ከፍተኛ ጥራት» ተብሎ ነበር። ያን ጊዜ ከተሞከሩት ሁለት ስልቶች የተሻለው 405 መስመር ነበረው። በእኛ አገር በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን በጥቁርና ነጭ ብቅ ሲል ደግሞ ሰው በሣጥን ውስጥ ሲናገር ማየቱ ራሱ ተአምር ነበርና የመስመሩን ብዛት ማን ይጠይቅ ነበር? «ከፍተኛ» ማለት እንግዲህ ከአጠገቡ ካለው ዝቅተኛ ጋር ሲነጻጸር ብቻ ትርጉም የሚኖረው ቃል ነው። የዛሬው ከፍተኛ ለነገ ዝቅተኛ ይሆናል፤ ይህን ቃል እየተከተለ የሚገዛ ሰው አድማስ ላይ ሊደርስ እንደሚሮጥ ሰው ነው።

ቃሉን ወደ ቁጥር ብንመልሰው ነገሩ ይጠራል። ምስሉ የሚሠራው ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። አሮጌው መደበኛ ምስል 720 በ576 ሲሆን ይህም 414,720 ነጥብ ነው። ዝቅተኛው ኤችዲ 1280 በ720፣ ማለትም 921,600 ነጥብ ይሆናል። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ሲሆን ነጥቦቹ 2,073,600 ይደርሳሉ። ፎር ኬ 3840 በ2160 ነው፤ ነጥቦቹም 8,294,400 ናቸው፤ የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ሻጩ እዚህ ላይ «አራት እጥፍ ጥራት» ይላል። እርሱ የቆጠረው ግን ነጥቡን ነው፤ ዓይናችንን አልቆጠረውም።

ጤነኛ ዓይን ሁለት ነገሮችን ለያይቶ ለማየት በመካከላቸው ቢያንስ የ1 ዲግሪ አንድ ስልሳኛ ያህል ስፋት እንዲኖር ይፈልጋል። ከዚያ ካነሰ ሁለቱ ነጥቦች አንድ ይሆኑበታል። ይህን ይዘን ስናሰላ፣ ባለ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን ከ1 ሜትር ከ70 ሳንቲሜትር ርቀት በኋላ ነጥቡ አይለይም። ባለ 55 ኢንቹ ከ2 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ገደማ በኋላ እንዲሁ ነው። ባለ 32 ኢንች ሆኖ ዝቅተኛውን ኤችዲ ብቻ የሚያሳየው እንኳ ከ1 ሜትር ከ90 ሳንቲሜትር በኋላ ጥርት ብሎ ይታያል። አሁን ከሶፋችሁ እስከ ግድግዳችሁ ያለውን ርቀት ለኩት። 3 ሜትር ከሆነ፣ በ43 ኢንች ላይ የፎር ኬው ተጨማሪ ስድስት ሚሊዮን ነጥብ ለዓይናችሁ የለም ማለት ነው። ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ነጥቡም ግድግዳው ላይ አለ፤ ተመልካች ብቻ የለውም። ስለዚህ ወደ መደብር ከመሄድ በፊት መያዝ ያለበት መሣሪያ ሜትር ነው።

ስፋት ግን ሌላ ነው፤ ስፋት ስም ነው። ኢንች የሚለካው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ስለ ሆነ ቁጥሩ ልዩነቱን አሳንሶ ያሳያል። ከ32 ወደ 43 ኢንች ስንሄድ የመስኮቱ ስፋት በ80 በመቶ ያድጋል። እኛ ቤት ዓይናቸው የደከመ እናት አሉ፤ ከፊልሙ ግርጌ የሚጻፈውን ትርጉም ለማንበብ መነጽራቸውን እያነሡ ይጠጋሉ። ለእርሳቸው የሚጠቅማቸው ፊደሉ መተለቁ ነው እንጂ ፊደሉ የተሠራበት ነጥብ መርቀቁ አይደለም። በአንድ ዓይነት ዋጋ ትንሽ ፎር ኬና ተለቅ ያለ ፉል ኤችዲ ቢቀርቡልኝ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ደግሞስ ያን ሁሉ ነጥብ የሚሞላው ማን ነው? የእኛ ቤት ቴሌቪዥን በአብዛኛው የሚመገበው ከሰማይ፣ በዲሽና በሪሲቨር ነው። የሚወርደው ምስል በመደበኛ ጥራት የተላከ ከሆነ ቴሌቪዥኑ የጎደለውን ነጥብ በግምት ከመሙላት በቀር ሌላ ምርጫ የለውም፤ መስኮቱ በሰፋ መጠንም ብዥታው አብሮ ይሰፋል። ሪሲቨሩ አሮጌ ሆኖ በሦስቱ ባለ ቀለም ገመዶች የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ኤችዲ የሆነው ጣቢያ ሳይቀር ኤችዲነቱን በሩ ላይ አውልቆ ይገባል፤ በዚያ ገመድ የሚያልፈው መደበኛው ምስል ብቻ ነውና። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ገንዘብ ያጠረው ሰው ከፎር ኬው ልዩነት ላይ ቀንሶ ኤችዲ ሪሲቨርና አንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ቢገዛ በዓይኑ የሚያየውን ለውጥ ያገኛል።

ታዲያ ስሞቹ የትኞቹ ናቸው? ቀዳሚው የጎን እይታ ነው። በቤታችን እንግዳ ፊት ለፊት ብቻ አይቀመጥም፤ በበዓል ቀን ሳሎኑ ዙሪያውን ይሞላል፤ ልጆች ምንጣፍ ላይ፣ ጎረቤት ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል። አንዳንዱ ስክሪን ከጎን ሲያዩት ይገረጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከጎን ቢያዩትም መልኩን አይለውጥም፤ በምትኩ ጥቁሩ ያን ያህል አይጠቁርም። ሁለቱን በአንድ ርካሽ ዋጋ ማግኘት አይቻልምና እንደ ቤታችን አቀማመጥ መምረጥ ነው። ሌላው ድምፅ ነው፤ ስስ ቴሌቪዥን ስስ ድምፅ አለው፤ ድራማ የሚከታተል ቤተሰብ ንግግሩ ካልተሰማው ምስሉ ምን ያደርግለታል? የኤችዲኤምአይ መሰኪያው ቁጥርም ይታይ፤ ቢያንስ ሁለት ይሁን። ዋስትናውንም በወረቀት መቀበል ግድ ነው፤ ስክሪኑ ከተሰበረ ማስለወጫው የአዲሱን ዋጋ ሊጠጋ ይችላልና። በመጨረሻም መብራት ነው። ኃይል ሲሄድና ሲመጣ፣ ከፍና ዝቅ ሲል የሚጎዳው ዕቃው ስለ ሆነ፣ የስታቢላይዘር ዋጋ ከበጀቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ይቆረጥ።

«ስማርት» የሚለውንም ቅጽል በጥርጣሬ ላየው እወዳለሁ። የቴሌቪዥኑ ስክሪን ብዙ ዓመት ይኖራል፤ በውስጡ ያለው ብልህነት ግን በጥቂት ዓመታት ያረጃል፤ መተግበሪያዎቹም መታደስ ያቆማሉ። ከውጭ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ ሲያረጅ ተነቅሎ ይጣላል፤ አብሮ የተሠራው ግን አብሮ ይኖራል። «ኤችዲአር» የሚባለውም በርካሽ ዕቃ ላይ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ምልክቱን መቀበል እችላለሁ ማለት ነው እንጂ ለዚያ የሚበቃ ብርሃን አለኝ ማለት አይደለም።

መደብር ውስጥ የሚታየው ምስል ለመደብር ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ቀለሙ ጮኾ፣ ብርሃኑ ደምቆ፣ የአበባና የባሕር ዓሣ ፊልም ይከፈትበታል። እኛ ቤት ግን ባሕር የለም፤ ዜናና ድራማ፣ እሁድም ኳስ ነው ያለው። ስለዚህ የራሳችሁን ፊልም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጠይም ፊት ያለበት፣ ጨለማ ያለበት፣ ኳስ የሚሮጥበት ይሁን። በሪሞቱ የምስል ማስተካከያውን ከደማቁ ወደ መደበኛው መልሱት። የፊት ቆዳ የሰው ቆዳ ይመስላል? ኳሷ ስትበር ጭራ ታወጣለች? በጨለማው ውስጥ ጥቁር ካፖርት ከጥቁር ግድግዳ ይለያል? ከዚያም ወደ ጎን አምስት እርምጃ ሄዳችሁ እንደገና እዩ። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

አንድ ጠንካራ መከራከሪያ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። «ቴሌቪዥን በየዓመቱ አይገዛም፤ ዛሬ ትርፍ የሚመስለው ነገ ያስፈልጋል። ደግሞም ዋጋው ነገ ይጨምራል» የሚል ነው። የኋለኛው አነጋገር እውነት አለበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደ ተንቀሳቀሰ ባንክ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው አይነገረውም። በእጁ ገንዘብ ያለው፣ ቴሌቪዥንም የሚያስፈልገው ሰው ባይጠብቅ እኔም እደግፈዋለሁ። ደግሞም ዛሬ በተለቅ ያለው ስፋት የሚቀርቡት አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ፎር ኬ ናቸውና፣ ዋጋው ተመሳሳይ ከሆነ ቅጽሉ በነጻ መጣ ማለት ነው፤ ይውሰደው። የምቃወመው የሌለውን ገንዘብ ተበድሮ የማይታየውን ነጥብ መግዛትን ነው። ቴሌቪዥኑ ከግድግዳው ላይ ሆኖ እያረጀ፣ ወለዱ ግን በየወሩ እንደ አዲስ ይወለዳል።

ይህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። የማውቀው አንድ ቤት አለ። ዕቁቡ የተጣለው ለልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር፤ በደረሰ ጊዜ ግን ባለ 65 ኢንች ቴሌቪዥን ሆኖ ገባ። የኮንዶሚኒየሙ ሳሎን አልበቃ ሲል የመጻሕፍት መደርደሪያው ወደ በረንዳ ወጣ። በክረምቱ ዝናብ መጻሕፍቱ አበጡ፤ ልጆቹ የቤት ሥራ የሚሠሩባት ጠረጴዛም ታጥፋ ከአልጋ ሥር ገባች። አባትየውን አልወቅሰውም፤ ጎረቤቱ ባለ 55 ሲገዛ የእርሱ ባለ 32 በእንግዳ ፊት አሳፍሮት ነበር። ቴሌቪዥኑን የገዛው ለቤተሰቡ ዓይን ሳይሆን ለእንግዳ ዓይን ነበር፤ እንግዳው ደግሞ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ቴሌቪዥንን ከመጽሐፍ ጋር ማጣላት አልፈልግም። ጥሩ ድራማ፣ ጥሩ ዘጋቢ ፊልም ቤት ድረስ መምጣቱን እወዳለሁ። ስንኛችንን ግን «ይህ ቃል ቢወጣ ምን ይጎድላል?» ብለን እንደምንመዝን ሁሉ፣ በካርቶኑ ላይ ባለው በእያንዳንዱ ቅጽል ላይም እንዲሁ ብንጠይቅ መልካም ነው። ምንም የማይጎድል ከሆነ ይውጣ። በተረፈው ገንዘብ የልጅ ክፍያ ይከፈል፤ ከዚያም ከተረፈ አንድ መጽሐፍ ይገዛ፤ መደርደሪያውም በቦታው ይቆይ።

መስኮቱ ቢሰፋ ቢጠራም መስታወት፣
ደጅ ባዶ ከሆነ ምን ያደርጋል ማየት?
ልኩን ያወቀ ዓይን በጠባብ ቀዳዳ፣
ያያል ተራራውን፣ ያያል ሰፊ ሜዳ።