ስለ ምክንያት ሚዛን

ርእሰ ከተማው ከሚሴ በሆነው በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ብዙዎቹ ሕፃናት የመጀመሪያውን ደረጃ ትምህርት የሚማሩት በኦሮምኛ ነው። ሁለተኛ ደረጃ በደረሱ ጊዜ ግን መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናም አፕቲትዩድ የሚባል፥ የማሰብን ችሎታ የሚመረምር ክፍል አለ። ከማመዛዘን ጥያቄዎች አንዱ ዓይነት አንድን ጉዳይ ያቀርብና፥ ስለ እርሱ ከተሰጡት ምክንያቶች ብርቱውን ከደካማው ለዩ ይላል።

ብርቱ የሚባለው ምክንያት ከተጠየቀው ጉዳይ ጋራ በቀጥታ የተያያዘና ለፍርዱ ክብደት ያለው ነው። ተማሪው የሚወደውን ወገን እንዲመርጥ አልተጠየቀም፤ እንዲያውም ሁለቱም ተከራካሪዎች ብርቱ ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል። በበልሃ ልበልሃ ሙግት ዘመን በአነጋገሩ ማማር ሸንጎውን የሚያስደንቅ ተሟጋች ሞልቶ ነበር፤ ነገር ግን የቃል ማማር ምክንያት አይደለም።

ለምሳሌ «አፕቲትዩዱ ተማሪው ትምህርት በጀመረበት ቋንቋ ይሰጥን?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ አንዱ «ይሰጥ፤ ቃሉ ያልገባው ልጅ በተሳሳተ ጊዜ የጎደለው ማሰብ ይሁን ቋንቋ አይለይምና» ቢል ብርቱ ነው። ሁለተኛው «አይሰጥ፤ በዩኒቨርሲቲ የሚጠብቀው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነውና» ቢል ይህም ብርቱ ነው። «እንግሊዝኛ የታላላቅ መንግሥታት ቋንቋ ስለ ሆነ አይሰጥ» የሚለው ግን ስለ ክብር ተናገረ እንጂ ጉዳዩን አልነካም።

ደግሞም በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር በተገለጸው ውጤት ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩና፥ ይህ የቋንቋውን ጥፋት ያስረዳል የሚል ቢነሣ፥ ቁጥሩ እውነት ሲሆን ምክንያቱ ደካማ ነው። በልዩ ልዩ ቋንቋ የጀመሩትን ሁሉ ባንድነት ቆጥሯልና። በዚያውም ዓመት ፈተናው ኩረጃን ለመከልከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ስለ ተሰጠ፥ የዚህ ለውጥ ሥራ ከቋንቋው ሥራ አልተለየም። በዚህ ግን የተከራከረለት ነገር ሐሰት ሆነ ማለት አይደለም፤ ደካማ ጠበቃ የያዘ ሰውም ባለ መብት ሊሆን ይችላል።

ለፈተና የተቀመጠ ተማሪ ምክንያቱን እንደ እውነት ተቀብሎ ክብደቱን ብቻ ይመዝናል። ትምህርትን የሚያስተዳድር ሹም ግን እውነትነቱንም ሊመረምር ይገባዋል። በከሚሴና በባቲ፥ በጅሌ ጥሙጋም አንዱ የማመዛዘን ጥያቄ በትምህርታቸው ለሚተካከሉ ክፍሎች ለአንደኛው በኦሮምኛ፥ ለሁለተኛው በእንግሊዝኛ ቀርቦ ውጤቱ ቢነጻጸር፥ ከስሕተቱ ስንቱ የቋንቋ፥ ስንቱ የማሰብ እንደ ሆነ በዚያ ይታያል።