ሂትለርን ማን መረጠው?

ባለፈው ሰሞን ከወዳጆቼ ጋር ቡና ይዘን ስንጨዋወት ወሬው እንደ ልማዱ ወደ ፖለቲካ አዘነበለ። ከመካከላችን አንዱ፣ የተማረ፣ ብዙ ያነበበ፣ የማከብረውም ሰው፣ ክርክሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊዘጋው ሞከረ። «ዴሞክራሲ፣ ዴሞክራሲ አትበሉ፤ ሂትለርም እኮ በሕዝብ ድምፅ ተመርጦ ነው የመጣው» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን ሲቆጠቁጠኝ ሰነበተ። ይህችን ዐረፍተ ነገር ከስንት ሰው አፍ ሰምቻታለሁ! ብቻዋን መጥታም አታውቅም፤ ሁልጊዜ ሌላ ሐሳብ አዝላ ነው የምትመጣው፤ «ሕዝብ ገና አልበሰለም፤ ድምፅ ብትሰጠው ራሱን የሚሰቅልበት ገመድ ይገዛበታል» የሚል። እኔ ዐረፍተ ነገሯ ሐሰት ናት ባይ ነኝ። ያዘለችው ሐሳብ ደግሞ ከእርሷ የባሰ ሐሰት ነው። (ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።)

እስቲ አስቀድመን ቁጥሩን እንየው። በግንቦት 1928 በተደረገው ምርጫ የሂትለር ፓርቲ ያገኘው ድምፅ ከመቶ 2.6፣ ወንበሩም 12 ብቻ ነበር። የዓለም ኢኮኖሚ ከተናጋ በኋላ በመስከረም 1930 ወደ 18.3 ከመቶ ተመነደገ፤ 107 ወንበር ያዘ። ሥራ አጡ ሕዝብ ስድስት ሚሊዮን በደረሰበት በ1932 ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ 37.3 ከመቶ አግኝቶ የምክር ቤቱ ትልቁ ፓርቲ ሆነ። በነፃ ምርጫ የደረሰበት ጣሪያ ይኸው ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሂትለር ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በሁለተኛው ዙር 36.8 ከመቶ ሲያገኝ፣ ሽማግሌው ሂንደንቡርግ በ53 ከመቶ አሸንፎታል። ኅዳር 6 ቀን 1932 እንደገና ምርጫ ተደረገ። ናዚዎች ሁለት ሚሊዮን ያህል ድምፅ ከሠሩ፤ ወደ 33.1 ከመቶ ወረዱ፤ ካዝናቸውም ተራቆተ። በ1933 አዲስ ዓመት አደጋው አልፏል ብለው የጻፉ የጀርመን ጋዜጦች ነበሩ። ጥር 30 ቀን ሂትለር መራሔ መንግሥት ሆነ። በኅዳር 6 እና በጥር 30 መካከል 85 ቀናት አሉ፤ በእነዚህ ቀናት ውስጥ አንድም አገር አቀፍ ምርጫ አልተካሄደም።

አንድ ሦስተኛው መራጭ ድምፁን ሰጥቶታልና ያንን ሕዝብ ንጹሕ ነው አልልም። ነገር ግን ከሦስት ሁለቱ እምቢ ያሉትን ሰው ሥልጣን ላይ ያወጣው እጅ የመራጭ እጅ አልነበረም። የማን እንደነበር ለማወቅ ወደ 1918 መመለስ ግድ ይላል።

በዚያ ዓመት መስከረም 29 ቀን የጀርመን ጦር የበላይ አዛዦች ሂንደንቡርግና ሉደንዶርፍ ጦርነቱ እንዳከተመ፣ ተኩስ ማቆም በአስቸኳይ መጠየቅ እንዳለበት ለቄሣሩ ነገሩት። ራሳቸው ግን ሊጠይቁ አልፈለጉም። ኅዳር 9 ቀን የዳግማዊ ቄሣር ዊልሄልም ከዙፋን መውረድ ተነገረ፤ ሶሻል ዴሞክራቱ ፊሊፕ ሻይደማን ከራይሽታግ ሕንፃ መስኮት ሪፐብሊክ አወጀ፤ ቄሣሩም በማግሥቱ ወደ ሆላንድ ተሻገረ። በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 11፣ ጄኔራሎቹ ለተሸነፉት ጦርነት የፈረመው ሲቪሉ ማቲያስ ኤርትስበርገር ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ሂንደንቡርግ በምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሠራዊቱ ከጀርባው ተወጋ ሲል መሰከረ። ተኩስ ይቁም ብሎ ያጣደፈው ራሱ መሆኑን ልብ ይሏል። ኤርትስበርገር በነሐሴ 1921 በጥይት ተገደለ።

ቄሣሩ ሄደ፤ ቤቱ ግን ከነሎሌው ቀረ። ዳኛው የቄሣሩ ዳኛ ነው፤ መኮንኑም፣ ከፍተኛው ሹምም፣ ከኤልበ ወንዝ ማዶ ያለው ባለ ርስትም እንዲሁ። ሪፐብሊኩ ደመወዛቸውን ይከፍላል፤ እነርሱ ይንቁታል። ሂትለር በኅዳር 1923 በሙኒክ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ አራት ፖሊሶች ሞቱ። ፍርድ ቤቱ በአገር ክህደት ጥፋተኛ ብሎት የፈረደበት ሕጉ የሚፈቅደውን ዝቅተኛ ቅጣት፣ አምስት ዓመት ነው፤ እርሱንም ሳይጨርስ በታኅሣሥ 1924 ተለቀቀ። ሂትለር በወቅቱ የኦስትሪያ ዜጋ ነበርና ሕጉ ከአገር እንዲባረር ያዝዝ ነበር፤ ዳኞቹ ግን እንደ ጀርመናዊ የሚያስብ ሰው ነው ብለው ተውት። እነዚያን ዳኞች ማን መረጣቸው?

ወደ ሕገ መንግሥቱ ልለፍ። በነሐሴ 1919 የተፈረመው የቫይማር ሕገ መንግሥት በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ነፃነት የሞላበት ከሚባሉት አንዱ ነው። ሆኖም ደራሲዎቹ ፈሪዎች ነበሩ፤ ሕዝብን ስለፈሩ ዙፋኑን ከቤተ መንግሥት አውጥተው በሕጉ አንቀጾች መካከል ሸሸጉት። አንቀጽ 25 ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቱን እንዲበትን፣ አንቀጽ 53 መራሔ መንግሥቱን እንዲሾም፣ አንቀጽ 48 ደግሞ ጸጥታ ታወከ ባለ ጊዜ መብቶችን አግዶ በድንጋጌ እንዲገዛ ይፈቅዱለታል። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ፍሪድሪሽ ኤበርት አንቀጽ 48ን ከመቶ ጊዜ በላይ ተጠቅሞበታል። ብዙውን ጊዜ ሪፐብሊኩን ለማዳን ነበር፤ አገሩ ግን ከመድኃኒቱ ጋር ተላመደ። ኤበርት በ1925 ሲሞት በዚያ ወንበር ላይ የ77 ዓመቱ ፊልድ ማርሻል፣ ልቡ ከቄሣሩ ያልተለየው ሂንደንቡርግ ተቀመጠ። (እዚህ ላይ እውነትም ሕዝብ መርጦታል። ያሸነፈው ግን በ900 ሺህ ድምፅ ገደማ ሲሆን፣ ኮሚኒስቶቹ የማያሸንፍ ዕጩ ይዘው በመቅረታቸው 1.9 ሚሊዮን ድምፅ ባክኗል።)

በመጋቢት 1930 የምክር ቤት ድጋፍ የነበረው የመጨረሻው መንግሥት በሥራ አጦች መድን መዋጮ ተጨቃጭቆ ወደቀ። ተተኪው ሃይንሪሽ ብሩኒንግ በጀቱን ምክር ቤቱ ቢጥልበት በአንቀጽ 48 አወጀው፤ ምክር ቤቱ ድንጋጌውን ሲሽር ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቱን በተነው። ናዚዎችን ወደ 107 ወንበር ያደረሰው ያ መስከረም የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ የምትገዛው በፊርማ ሆነ። በ1932 ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ አምስት ነው፤ የአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌው ግን ስልሳ ገደማ ደርሷል። ሐምሌ 20 ቀን 1932 ደግሞ መራሔ መንግሥት ፍራንስ ፎን ፓፐን የፕሩስያን የሶሻል ዴሞክራት መንግሥት በድንጋጌ ገለበጠ። ፕሩስያ ማለት ከጀርመን መሬትም ሕዝብም ከግማሽ በላይ የሚሆን፣ የራሱ ትልቅ የፖሊስ ኃይል ያለው ግዛት ነው። ሶሻል ዴሞክራቶቹ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ወደ አደባባይ ቢወጡ ኖሮ ስል አንዳንዴ አስባለሁ፤ ግን ስድስት ሚሊዮን ሥራ አጥ ባለበት አገር አድማ መጥራት ቀላል እንዳልነበር አውቃለሁ።

እንግዲህ ሂትለር ሲመጣ ዴሞክራሲው ሬሳ ነበር። ገዳዮቹም ሰነፉ ሕዝብ ሳይሆን በፈረንሳይኛ የሚቀላልዱ፣ ፈረስ የሚጋልቡ፣ ጓንት የማይለያቸው ሰዎች ናቸው። ፓፐን ሥልጣኑን የነጠቀውን ጄኔራል ሽላይሸርን ለመበቀል ጥር 4 ቀን 1933 በኮሎኝ በአንድ የባንክ ባለቤት ቤት ከሂትለር ጋር ተገናኘ። ከዚያም ሽማግሌውን ፕሬዚዳንት ሲያባብል ሰነበተ። በተመሠረተው ካቢኔ ውስጥ ናዚዎቹ ሂትለርን ጨምሮ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ቀሪዎቹ ወግ አጥባቂዎች ናቸው። ፓፐን ምክትል ሆኖ፣ በሁለት ወር ውስጥ ሰውየውን ጥግ አስይዤ አስጮኸዋለሁ ብሎ ፎከረ። የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም የሚለውን ተረት የሚነግረው አበሻ በአጠገቡ አልነበረም።

የቀረው በፍጥነት ሆነ። የካቲት 27 ራይሽታግ ተቃጠለ፤ በማግሥቱ በዚያው በአንቀጽ 48፣ በዚያው በሂንደንቡርግ ፊርማ፣ መሠረታዊ መብቶች ታገዱ፤ እገዳው እስከ 1945 ዘለቀ። መጋቢት 5 ቡናማ ሸሚዝ ለባሾች ረዳት ፖሊስ ተብለው፣ ኮሚኒስቶች እየታሠሩ በተደረገው ምርጫ እንኳ ናዚዎች 43.9 ከመቶ እንጂ ግማሽ አልሞሉም። መጋቢት 23 ሥልጣኑን ሁሉ ለካቢኔው የሚያስረክበው ሕግ ለድምፅ ቀረበ። የ81ዱ ኮሚኒስቶች ወንበር ባዶ ነው። ኦቶ ቬልስ በታጣቂዎች ተከብቦ ተነሥቶ ተቃወመ፤ 94 ሶሻል ዴሞክራቶች እምቢ አሉ፤ 444 እንደራሴዎች እሺ አሉ። እሺ ካሉት አንዱ ቴዎዶር ሆይስ ነው፤ በ1949 የምዕራብ ጀርመን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው። በፓርቲው ውስጥ ተቃውሞ ነበር፤ በኋላም ድምፁን ቀላል ስሕተት ብሎ አልቆጠረውም።

ወዳጄ «ግራዎቹስ?» ይለኝ ይሆናል። ልክ ነው። በኅዳር 1932 ሶሻል ዴሞክራቶች 121፣ ኮሚኒስቶች 100 ወንበር ነበራቸው፤ ከናዚዎቹ 196 ይበልጣል። ኮሚኒስቶቹ ግን በሞስኮ ትእዛዝ ጎረቤቶቻቸውን «ሶሻል ፋሺስት» እያሉ ይሳደቡ ነበር። በዚህ ጥፋት ላይ አልከራከርም፤ ይህም ቢሆን የመሪዎች ጥፋት ነው።

ጀርመኖች ራሳቸው በ1949 አዲሱን ሕግ ሲጽፉ ምን እንደቀነሱ መመልከት ይበጃል። አንቀጽ 48 ቀረ። ፕሬዚዳንቱ በሕዝብ ቀጥታ መመረጡ ቀረ፤ (ይህ ወዳጄን ደስ ሊያሰኘው ይችላል)። ምክር ቤቱም ተተኪውን ሳይመርጥ መራሔ መንግሥቱን መጣል እንዳይችል ተደረገ። ምክር ቤቱን የመምረጥ መብት ግን ከሕዝቡ አልተወሰደም።

ሽላይሸር ሰኔ 30 ቀን 1934 ከባለቤቱ ጋር በቤቱ ውስጥ ተገደለ። ፓፐን በ1946 በኑረምበርግ ፍርድ ቤት ነፃ ተባለ፤ እስከ 1969 ኖሮ ትዝታውን ጻፈ። ለወዳጄ በሚቀጥለው ቡናችን አንድ ጥያቄ ይዤለት እሄዳለሁ፤ በእነዚያ 85 ቀናት ውስጥ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ኮሮጆ ድምፅ እንደሰጠ ይንገረኝ።