በዘመድ ቤት ያለውም ልጅ ይታይ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወረዳዎች ወላጁን ላጣ ልጅ ቀድሞ የሚደርስለት ዘመድ ነው፤ አያት፣ አክስት፣ ካልሆነም የክርስትና አባት። የጡት ልጅ የማድረግ ልማድም በአማራው አገር የቆየ ነው። ይህ ደግነት ትልቅ ሀብታችን ነው። ነገር ግን ልጁ ካልተመዘገበ፣ ትምህርት ቤት ይዋል ወይስ ከብት ጥበቃ ላይ ይቅር ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

ከዘመድ ውጭ ያሉትን ሁለት መንገዶች ብዙዎች ያምታቷቸዋል። ጉዲፈቻ በውል ተጀምሮ ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው የሚጸና ልጅነት ነው፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አሳዳጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው እንዲሆን ይጠይቃል። የአደራ ቤተሰብ ግን ጊዜያዊ ነው። ልጁ ከወላጁ ወይም ከዘመዱ እስኪገናኝ፣ አለዚያም ቋሚ ቤት እስኪያገኝ ይጠለልበታል፤ ለጥቂት ቀናት ሊሆን ይችላል፣ ለዓመታትም። አደራ ተቀባዩ አንድ ከባድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ የወደደውን ልጅ መልሶ መስጠት ሊኖርበት ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያ ተቋምን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎታል። በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን ዘጋ። ያ በር ከተዘጋ የአገር ውስጡ ቤት መስፋት አለበት፤ ያውም በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በወረዳዎቻችን ከተሞች፣ በወገዳ፣ በንፋስ መውጫና በመካነ ኢየሱስም ጭምር።

የወረዳዎቹ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች በየቀበሌው ፈቃደኛ ቤተሰቦችን ይመዝግቡ፣ ኑሯቸውን ይዩ፣ ልጅ ከሰጡ በኋላም እየተመላለሱ ይጎብኙ። የልጅ ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ አያትም ቀለብና ደብተር ይድረሳት።